በልብስ ሥር የሚታጠቅ ሽጉጥ፦ ትንሹ ይሻላል ወይስ እጅን የሚሞላው?

ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃዴን በቅርቡ አግኝቻለሁ፤ ሽጉጡን ግን ገና አልገዛሁም። ምክር ከመጠየቄ በፊት የራሴን አቋም ልግለጽ። በልብስ ሥር ለሚታጠቅ ሽጉጥ ዋናው መመዘኛ ትንሽነትና ቀላልነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከባዱ ሽጉጥ ወር ሳይሞላው ቤት መዋል ይጀምራልና፣ ቤት የዋለ ሽጉጥ ደግሞ ለባለቤቱ አይደርስለትም። ስለዚህ ምርጫዬን በሁለት ላይ አጥብቤአለሁ። አንደኛው በ.380 ጥይት (ቁጥሩ የጥይቱን ውፍረት በኢንች ገደማ ይጠቁማል) የሚሠራው፣ ካዝናው 6 ጥይት የሚይዘውና ክብደቱ ባዶውን 270 ግራም ገደማ የሆነው ሩገር ኤልሲፒ ነው። ሁለተኛው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 የተባለው፣ በ.38 ስፔሻል ጥይት የሚሠራ ባለ 5 ጥይት ሪቮልቨር (ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ) ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 410 ግራም፣ የአፈሙዙ ርዝመትም 48 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጡልኛላችሁ?

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ከዚህ በታች የምላሾቹን ፍሬ ነገር በራሴ ቃላት አስፍሬአለሁ፤ ተራ ቁጥራቸውን ጠብቄአለሁ፤ የተደጋገሙትን ግን አሳጥሬአለሁ።

1ኛው መላሽ እንኳን ደስ ያለህ ካሉኝ በኋላ መልስ በመስጠት ፋንታ መልሰው ጠየቁኝ። እስካሁን ስንት ጥይት ተኩሼ እንደማውቅ፣ የእጄ መዳፍ ምን ያህል እንደሆነ፣ አብዛኛውን ቀን ቆሜ ወይስ ተቀምጬ እንደምውል፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ አስገብቼ እለብስ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። በሥልጠናው ወቅት ከተኮስኳቸው 100 የማይሞሉ ጥይቶች በቀር ልምድ እንደሌለኝ፣ ቀኑን ሙሉም ወንበር ላይ እንደምውል በሐቅ መለስኩላቸው። ያን ጊዜ ጥያቄዎቹ ለመግቢያ ያህል የቀረቡ መስለውኝ ነበር። ውይይቱን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ ካነበብኩት በኋላ ግን ከሁሉም በፊት መመለስ የነበረባቸው እነዚህ እንደነበሩ አምኛለሁ።

2ኛው መላሽ በአቋሜ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ኤልሲፒውን ለዓመታት በሱሪ ኪሱ እንደያዘና አንዳንድ ቀን መኖሩን እስከ መርሳት እንደሚደርስ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን እስከ ቀጣዩ ምላሽ ብቻ ቆየ።

3ኛው ምላሽ የተኩስ አሠልጣኝ ሆነው ረጅም ዘመን ካገለገሉ ሰው የመጣ ነው። ንግግራቸው ትሕትና ያልተለየው ቢሆንም የጥያቄዬን መሠረት ነቀሉት። እንደ እሳቸው ማብራሪያ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ ርግጫው ከከባዱ የበለጠ ይሆናል፤ የሚረግጠውን ኃይል የሚውጠው የሽጉጡ ክብደት ነውና። በዚህ ላይ የ642ን ምላጭ ለመሳብ ከ5 ኪሎ ግራም ያላነሰ ኃይል ይጠይቃል። 410 ግራም የምትመዝን ነገር በ5 ኪሎ ግራም ጉልበት እየተጫኑ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ለለመደ ሰው እንኳ ይቸግራል። የፊትና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡም፣ ዓይን ልብ የማይለው ጥቂት መዛነፍ ኢላማው ላይ ሲደርስ ሰፊ ስሕተት ይሆናል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሰው የተገላቢጦሽ እንደሚያስብ ጻፉ፤ ትንሹ ሽጉጥ የጀማሪ ሳይሆን የባለሙያ ሽጉጥ ነው፤ ጀማሪ ጥቂት ተኩሶ እጁን ሲያመው ልምምዱን ይተዋል፤ የተተወ ልምምድ ደግሞ ቤት ከዋለ ሽጉጥ አይሻልም። የእኔን አባባል መልሰው በእኔ ላይ ማዋላቸው ነበር፤ ተገቢም ነበር።

4ኛዋ መላሽ ይህንኑ ከራሷ ሕይወት አረጋገጠች። ፈቃድ ባወጣች ሰሞን ታላቅ ወንድሟ ለሴት የሚስማማው ይህ ነው በማለት ያንኑ ቀላል ሪቮልቨር ሰጣት፤ በመጀመሪያው ቀን 20 ጥይት ሳትጨርስ የአውራ ጣቷ ሥር ተላጠ፤ ከዚያ በኋላ ሽጉጡን ለስድስት ወር አልነካችውም። መፍትሔ የሆናት መሣሪያውን በእጇ ልክ መምረጥ ነበር። እጀታው በመዳፏ መሐል፣ ከክንዷ ጋር በአንድ መሥመር ሲያርፍ የጠቋሚ ጣቷ የመጀመሪያው አንጓ ምላጩ ላይ ካልደረሰ፣ ወይም ለመድረስ እጇን ማጣመም ካለባት ያ ሽጉጥ የእሷ አይደለም። ማንኛውም ገዢ ባዶነቱ በተረጋገጠ ሽጉጥ ይህን በደቂቃ ውስጥ ሊለካ እንደሚችል ማሳሰቧ ለእኔ ከዝርዝር መግለጫዎች ሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ።

5ኛው መላሽ ለእሷ መልስ ሰጠ፤ አሰጣጡ ግን ደስ አይልም ነበር። ሴቶች የአውቶማቲክ ሽጉጥ ተንሸራታች (ከላይ ያለውን፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን ብረት) ወደ ኋላ ስቦ ለማቀባበል ጉልበት ስለሚያንሳቸው ሪቮልቨር ቢያንገሸግሻቸውም ከእሱ ሌላ አማራጭ የላቸውም የሚል ነበር። በ6ኛው ምላሽ ያችው ሴት ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ትሕትናዋ ቀንሶ ነበር። ማቀባበል ከጉልበት ይልቅ የዘዴ ጉዳይ መሆኑን አስረዳች፤ ሽጉጡን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ጣትን ከምላጭ አርቆ፣ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አድርጎ፣ ተንሸራታቹን በሙሉ መዳፍ ከላይ ጨብጦ፣ እጀታውን በሌላው እጅ ወደ ፊት መግፋት ነው። የእጅ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ሺልድ ኢዚ የተባለውን፣ ተንሸራታቹ በቀላሉ የሚሳብ ሽጉጥ ማውጣቱን አስታወሰች። ራስ የማያውቁትን ነገር ለሚያውቅ ሰው ማስተማር ነውር መሆኑንም ጨመረችበት። 5ኛው መላሽ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

7ኛው ምላሽ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ጸሐፊው ሽጉጥ በልብስ ሥር የሚታወቀው በአፈሙዙ ርዝመት ሳይሆን በእጀታው ርዝመት መሆኑን አስገነዘቡ፤ አፈሙዙ ከቀበቶ በታች ወርዶ ከሰውነት ጋር ሲጣበቅ፣ ልብሱን ወደ ውጭ የሚገፋው እጀታው ነው። ይህን ከማንበቤ በፊት ገበያ ውስጥ ያለውን ሽጉጥ ሁሉ በአፈሙዝ ርዝመት ስደረድር ከርሜ ነበር። ቀጥለውም የታሪኩን አካሄድ ባጭሩ ተረኩ። ኮልት እ.ኤ.አ. በ1927 ዲቴክቲቭ ስፔሻል የተባለውን ባለ 6 ጥይት አጭር ሪቮልቨር ካወጣ ወዲህ፣ በልብስ ሥር የሚታጠቅ ሰው ለብዙ ዘመን ከእንዲህ ያለው ሪቮልቨርና በአነስተኛ ጥይት ከሚሠራ የኪስ አውቶማቲክ አንዱን ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ፣ በ2015 ደግሞ ግሎክ 43 ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን ጥይት በስስ ሽጉጥ አቀረቡ፤ የሚይዙት ጥይት ግን ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሲግ ሳወር ፒ365 በ79 ሚሊ ሜትር አፈሙዝና በ500 ግራም ገደማ ክብደት 10 ጥይት የሚይዝ ካዝና ይዞ ሲመጣ፣ ሌሎቹም አምራቾች ተከተሉት። ስለዚህ እኔ ያቀረብኩት የሁለት ምርጫ ጥያቄ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን በጨዋ አነጋገር ነገሩኝ።

8ኛው መላሽ ለሪቮልቨሩ ተሟገተ፤ ክርክሩም ፍሬ ነበረው። አውቶማቲክ ሽጉጥ አካል ላይ ተደግፎ ሲገፋ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሊልና ላይተኩስ ይችላል፤ ሪቮልቨር ይህ ችግር የለበትም። የላላ የእጅ አንጓም አውቶማቲኩን ሊያሰናክለው ሲችል ሪቮልቨሩን አያግደውም። 9ኛው መላሽ ይህን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ነገር አረመ፤ ሪቮልቨር ፈጽሞ አይሰናከልም የሚለው አባባል ልክ አይደለም፤ እምብዛም ባይሰናከልም፣ የተሰናከለ ዕለት ብዙ ጊዜ መፍቻ የሚያስፈልገው ብልሽት ይሆናል። 5 ጥይት ካለቀ በኋላ እንደገና መሙላትም በተረጋጋ እጅ እንኳ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው።

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ያለው ክፍል ስለ ጥይት ልክ የተደረገ ጠብ ነው፤ ከሚገባው በላይ ረዝሟል። 10ኛው መላሽ ከ.45 በታች ያለው ሁሉ መጫወቻ እንደሆነ፣ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ባለ .45 ሽጉጥ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1985 የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ መቆየቱ በቂ ማስረጃ እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። 11ኛው መላሽ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1986 በማያሚ የሆነውን አነሡ፤ በዚያ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) ባልደረቦች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ የጥይትን ብቃት በስፋቱ ብቻ ሳይሆን ዘልቆ በመግባት አቅሙ መለካት ተጀመረ፤ ሰውነትን በሚመስል ጄል ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ መግባት መመዘኛ ሆነ። ተቋሙ መጀመሪያ ወደ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም ወደ .40 ቢሄድም፣ የጥይት አሠራር ሲሻሻል በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል። ምክንያቱ ዘመናዊው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት መመዘኛውን ማሟላቱ፣ ርግጫው የቀለለ በመሆኑም አብዛኛው ተኳሽ በእሱ ይበልጥ በፍጥነትና በትክክል መምታቱ ነው።

12ኛው መላሽ ጫፉ የተቦረቦረና ሲመታ የሚሰፋ ጥይት በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ መሆኑን ገለጸ። 13ኛው አረመው፤ እ.ኤ.አ. የ1899 የሄግ መግለጫ የሚመለከተው በመንግሥታት መካከል የሚደረግን ጦርነት ነው፤ ሲቪሎችን በሚመለከት የየአገሩ ሕግ ይለያያልና እያንዳንዱ የራሱን አገር ሕግ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። እንዲህ ያለው ጥይት አካል ውስጥ የመቆም ዕድሉ ስለሚበልጥ ከበስተኋላ የቆመውን ንጹሕ ሰው ለመጠበቅ እንደሚረዳም አከለ። 10ኛው መላሽ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ስድብ ቀላቅሎ ጻፈ፤ አወያዩ ሁለቱንም ሰረዛቸው። እኔ በበኩሌ የጥይት ልክ ጥያቄው ለእኔ በ11ኛው ምላሽ ተዘግቷል።

14ኛው ምላሽ ሁላችንም የዘለልነውን ነገር አነሣ። ጸሐፊዋ ስለ ሽጉጥ ይህን ያህል ገጽ ሲጻፍ ስለ ማኅደሩ (ሽጉጡ ሲታጠቁት ስለሚገባበት መያዣ) አንድ ቃል አለመነሣቱ እንዳሳዘናት ገልጻ፣ ምን መሆን እንዳለበት ዘረዘረች። ማኅደሩ ምላጩን የሚከበውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ከውጭ ቢጫኑት ወደ ውስጥ የማይሰረጉድ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይከደን፣ ባለቤቱ ቢሮጥ ወይም ቢወድቅም ሽጉጡን የሚይዝ መሆን አለበት። አርጅቶ የለሰለሰ ቆዳ እጥፋቱ ወደ ምላጩ ቀለበት ገብቶ፣ ሽጉጡ ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ራሱ ምላጩን ሊስብ ይችላል። የጃኬት ማጥበቂያ ገመድና የሸሚዝ ጫፍም ይህንኑ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሽጉጥ በፍጥነት ይወጣ ይሆናል እንጂ በፍጥነት አይመለስም፤ የሚመለሰው እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ ጣትን ከምላጭ አርቀው ነው። በኪስ የሚይዝ ሰው ለዚያ ኪስ የተሠራ ማኅደር ያስፈልገዋል፤ በዚያ ኪስ ውስጥ ቁልፍም ሆነ ሳንቲም ጨርሶ ሊኖር አይገባም። በእጅ ቦርሳ መያዝን ደግሞ አጥብቃ ተቃወመች፤ ቦርሳ ይነጠቃል፣ ወንበር ላይ ይረሳል፣ ሕጻን እጁን ይሰድበታል። ስስ የልብስ ቀበቶም ክብደቱን ስለማይችል ሽጉጡ ይዘምማል፤ ብዙ ሰው ሽጉጡ ከበደኝ የሚለው ቀበቶው ስለላላበት ነው።

እዚህ ላይ 2ኛው መላሽ ተመልሶ በ15ኛው ምላሽ ሽጉጡን ያለ ማኅደር በኪሱ እንደሚይዝ፣ ከካዝናው ወደ መተኮሻው ክፍል ጥይት እንዳላጎረሰውና ስለዚህ ሥጋት እንደሌለበት ጻፈ። በ16ኛው የመለሱለት አሠልጣኙ ናቸው፤ ድምፃቸው የመጀመሪያው አልነበረም። ያላጎረሰ ሽጉጥ ለማቀባበል ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ በክፉ ሰዓት አንደኛው እጅ ልጅን የያዘ፣ የሚገፋ ወይም የቆሰለ ሊሆን ይችላል። ያጎረሰ ሽጉጥ ደግሞ ያለ ማኅደር ኪስ ውስጥ መያዝ ራስን ለማቁሰል መዘጋጀት ነው። ስለዚህ በማኅደሩና በእጁ እስኪተማመን ድረስ ጭራሹኑ ባይታጠቅ እንደሚሻለው ነገሩት። 17ኛው መላሽ ማንም ሰው የራሱን አያያዝ የመምረጥ ነጻነት እንዳለውና አሠልጣኙ ከልክ በላይ እንደተናገሩ ወቀሰ።

ከዚያ 18ኛው ምላሽ መጣ። ጸሐፊው ማንንም ሳይወቅስ፣ ታናሽ ወንድሙ ሽጉጥ ሲያጸዳ እንደሞተ ተረከ። ወንድሙ ካዝናውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኑሮት ነበር፤ ካዝናው ስለወጣ ሽጉጡ ባዶ የሆነ መሰለው፤ አስቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት ግን ውስጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 እንደወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ያሉ አንዳንድ ሽጉጦች ካዝናቸው ሲወጣ ምላጫቸው እንደማይሠራ፣ ብዙዎቹ ግን ካዝና ባይኖራቸውም የጎረሱትን እንደሚተኩሱ ጸሐፊው ያወቀው ከቀብሩ በኋላ ነበር። እሱ የሚለምነን አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስቦ ማቆየት፣ ከዚያም ውስጡን በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ፣ ቅደም ተከተሉንም ፈጽሞ አለማዛባት። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳልና። ይህን ምላሽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በ19ኛው ምላሽ 17ኛው ጸሐፊ አሠልጣኙን ይቅርታ ጠየቀ፤ 2ኛውም የኪስ ማኅደር እንደሚገዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳወቀ።

20ኛውና 21ኛው ምላሾች ከጥያቄው ወጣ ያሉ ናቸው። አንደኛው ስለ ጆሮ ነው፤ የሽጉጥ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ስለሚያልፍ፣ በተለይ ጣሪያ ባለው የልምምድ ሥፍራ፣ የጆሮ መድፈኛና የጆሮ ሽፋን ደርቦ መጠቀም ይገባል። ሌላው ስለ ቤት አያያዝ ነው፤ ሽጉጡ ከወገብ በወረደ ጊዜ የሚገባበት የሚቆለፍ ሣጥን ከሽጉጡ ጋር አብሮ መገዛት አለበት፤ ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ከልጅ መሸሸግ አይደለም፤ ትንሽ ልጅ በጣቱ መሳብ ያቃተውን ምላጭ በሁለት አውራ ጣቶቹ ሊገፋው ይችላል። 22ኛው መላሽ ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ነገር አከለ፤ ሽጉጡን በየምሽቱ አራግፎ በየጠዋቱ ያንኑ ጥይት የሚያጎርስ ሰው ጥይቱን በተደጋጋሚ ስለሚመታው፣ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ የሰመጠ እርሳስ ያለው ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ ከመጠን ያልፋል። ስለዚህ ከሌሎቹ ጎን አቁሞ ቁመቱን ማስተያየት፣ ያጠረውንም ለይቶ አለመተኮስ ነው።

በ23ኛው ምላሽ አሠልጣኙ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አዘዙኝ፤ ትእዛዙም በአባትነት መንፈስ የተሰጠ ነበር። ከመግዛቴ በፊት አራት ዓይነት ሽጉጥ በውሰት ወይም በኪራይ እንድተኩስ፣ በ7 ሜትር ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት እንድሞክር፣ ውጤቱንም እንድጽፍላችሁ። የምገዛውንም ሽጉጥ ቢያንስ 200 ጥይት ያለ እንከን ሳይተኩስልኝ እንዳላምነው፣ ለመታጠቅ የመረጥኩትንም ጥይት ከዚያ ውስጥ እንድሞክር አሳሰቡኝ።

ውጤቱ እነሆ። ከኤልሲፒው አሥር ጥይት ክቡ ውስጥ የገባው አራት ብቻ ነው። ከ642 አምስት ገባ፤ በሰባተኛው ላይ ምላጩን ስጠብቅ ዓይኔን መጨፈን ጀምሬ ነበር። ከፒ365 ስምንት ገባ። ካዝናው 15 ጥይት ከሚይዘውና ባዶውን ከነካዝናው 670 ግራም ገደማ ከሚመዝነው ግሎክ 19 አሥሩም ገቡ። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ግን የግሎኩ እጀታ ጎኔን እየወጋ፣ ሸሚዜንም እየገፋ አስቸገረኝ፤ ይህን ያወቅሁት ባዶነታቸውን አረጋግጬ ፒ365ንና ግሎኩን በየተራ በተዋስኩት ማኅደር ወገቤ ላይ አድርጌ ስነሣና ስቀመጥ ነው። ስለዚህ ፒ365ን ገዝቻለሁ። እስካሁን 140 ጥይት ያለ እንከን ተኩሷል፤ የቀረውን 60 በሚቀጥለው ሳምንት እጨርሳለሁ።

24ኛው መላሽ ከዛሬ ጀምሮ እታጠቀው እንደሆነ ጠይቆኛል። አልታጠቅኩትም። ለግራ እጅ ያዘዝኩት ማኅደር ገና አልደረሰም፤ ሽጉጡ ባዶውን ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፏል፤ ጥይቱም በሌላ ሣጥን ነው።